ዳገቱ ላይ የሚፈላው ውሃ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

እንደምን ከረሙልኝ ጋሼ? እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ፤ ከስፌት ማሽኔ ጋር ስጣላም ስታረቅም ውዬ እገባለሁ። ደብዳቤ ሲደርስዎ «ምነው፣ ስልኩ የት ሄደ?» ማለትዎ አይቀርም። ስልኩ አለ፤ ያለው ግን እማዬ ራስጌ ነው። የእርስዎ ስም ሲነሣ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንደምታዞር ያውቃሉ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሱቄ ሆኜ ነው። መልሱንም በሱቁ አድራሻ ይላኩልኝ።

ጉዳዬ ስለ መኪናዋ ነው። ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ በራችን ላይ ያቆሟት መኪና አሁንም ትሄዳለች። ሰፈርተኛው ግን «ማንቆርቆሪያ» የሚል ስም አውጥቶላታል፤ አይፈረድበትም። ሜዳ ላይ ጨዋ ናት። ወደ ከተማ የሚያወጣው ትልቁ ዳገት ላይ፣ ግማሹን ያህል እንደወጣን፣ የሙቀት መርፌው ሽቅብ መሳብ ይጀምራል። ከዚያ እንፋሎት ነው። ጥግ ይዤ እቆማለሁ፣ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ውሃ እሞላለሁ፣ እቀጥላለሁ።

የሰፈራችን መካኒክ እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ እኛ ግን «ይቀየር» እንለዋለን፤ ምን ቢያሳዩት መልሱ እሱ ነውና። ቱቦዎቹን ለወጠ፣ ፓምፑን ለወጠ፣ ማራገቢያውን ለወጠ። ያልለወጠው እኔን ብቻ ነው። መኪናዋ ግን ያው ናት።

ማክሰኞና ዓርብ ከተማ የማይቀር ጉዳይ አለኝ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መድረስ አለብኝ። ገንዘብ እንዲልኩልኝ አይደለም የጻፍኩት፤ ምክር ይላኩልኝ። ያቺን መኪና ከእርስዎ በላይ የሚያውቃት የለም።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እጅሽ አይዛል፣ መርፌሽ አይሰበር፣ ደንበኛሽ አይጥፋ። ደብዳቤሽን የሰጠኝ የአውቶቡስ ጋራዣችን ዘበኛ ነው። ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ያቺ መኪና እስካሁን በሕይወት መኖሯን ስሰማ፣ አልዋሽሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አሁን ወደ ሥራችን። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ማይልኝ፦ ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ። ያ ውሃ ተጨንቆ የተዘጋበት ነው፤ ስትከፍችለት ፊትሽ ላይ ነው የሚመጣው። ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ክፈቺው። ክዳኑን ገልብጠሽ ከሥሩ ያለውን ላስቲክ በጥፍርሽ ተጫኚው። እንደ ደረቀ ቆዳ ከሆነ ውሃውን አፍኖ መያዝ አይችልምና ያለጊዜው ይፈላል። ያ ትንሽ ክዳን ስንት ትልቅ ሞተር እንዳጋደመ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀጥለሽ ያንን ይቀየርን ጠይቂው፦ ቴርሞስታቱ ቦታው ላይ አለ ወይ? ቴርሞስታት ማለት ውሃው መቼ ወደ ራዲያተር እንደሚሄድ የሚወስነው በረኛ ነው። ብዙ መካኒክ «ምን ያደርጋል» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። በረኛ የሌለው ቤት ማንም ይሮጥበታል፤ ውሃውም ራዲያተሩ ውስጥ ሳያርፍ፣ ሳይበርድ ይሮጣል። ራዲያተሩንም ከውስጥ ያሳጥብልሽ፤ የዕድሜዋን ያህል ዝገት ሳይኖራት አይቀርም።

እትዬ እንዴት ናት? ሰላም በያት። ወይም ተዪው፣ አትበያት። አንቺ እንዳየሽው።

አጎትሽ


ኅዳር 9

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ብርዱ በርትቶብዎ ይሆን? እኛ ደኅና ነን።

እንዳሉኝ አደረግኩ። የክዳኑ ላስቲክ በጥፍሬ ስጫነው እንደ ብስኩት ተሰነጠቀ፤ አዲስ ገዛሁ። ቴርሞስታቱን ስጠይቀው ይቀየር ጀርባውን አከከና፣ «እሱንማ ያኔ ፓምፑን ስለውጥ አወጣሁት፤ ትርፍ ዕቃ ነው» አለኝ። እርስዎ የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «በረኛ» የምትለው ላይ ስደርስ ሳቀ፣ ግን አስገባው። ራዲያተሩን ሲያጥበው የወጣውን ቀይ ጭቃ ቢያዩ ጡብ ይሠሩበት ነበር።

ያን ቀን መርፌው መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩበት። ማክሰኞ ዳገቱ ላይ ግን፣ ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ብለን ይሆናል እንጂ፣ እንደ ልማዷ ፈላች። ጋሼ፣ አለቀስኩ። ለመኪና ማልቀስ ደግ አይደለም፣ ግን አለቀስኩ።

ይቀየር አሁን ሌላ ነገር ይዟል። የሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል፣ ሞተሩ ይፈታ ይላል። ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለኝ። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት አልችልም። አንድ ሳምንትም አልችልም። እባክዎ ሌላ መንገድ ካለ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 24

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሞተሩ እንዳይፈታ! ሳይመረምሩ መፍታት፣ ራሱን ያመመውን ሰው ሆዱን እንደ መቅደድ ነው።

ጋርኒሲዮኑ ከተበላ ምልክት አለው። የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጥተሽ እዪ፤ ዘይቱ ወተት የፈሰሰበት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ከኋላ የሚወጣውን ጭስ እዪ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ፣ ወፍራም፣ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ውሃ እያነደደች ነው። ጠዋት በብርዱ ክዳኑን ክፈቺና ሞተሩን አስነሺ፤ ውሃው ላይ ያለማቋረጥ አረፋ ከተንተከተከ ነገሩ እሱ ነው። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ይቀየርን ከነመፍቻው ሸኚው።

እስከዚያ ዳገቱ ላይ መርፌው ሲነሣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ ጥግ ክፈቺው። አውቃለሁ፣ በላብ ትጠመቂያለሽ፤ ግን የሞተሩን ሙቀት ወደ አንቺ ይስባል። ማርሹንም ቀንሺ፣ አትጣደፊ።

አሁን አንድ ጥያቄ። ሰው «አንድ ሳምንትም አልችልም» ሲል ምክንያት አለው። ማክሰኞና ዓርብ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትያለሽ። ልብስ ሰፊ በዚያ ሰዓት ከተማ ምን ትሠራለች? የጨርቅ ሱቅ እንደሆነ ያኔም ከሦስት ሰዓት በፊት አይከፈትም ነበር። ደግሞም «እንደወጣን» «ከፍ ብለን» እያልሽ ነው የምትጽፊው። ከጎንሽ የሚቀመጠው ማን ነው?

እኔ ስለ መኪና የምትጠይቂኝን ሁሉ እመልሳለሁ። አንቺም አንዷን መልሺልኝ።

አጎትሽ


ጥር 12

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ከጎኔ የምትቀመጠው እማዬ ናት። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ዘጠኝ ወር ሆናቸው። በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከተማ ሆስፒታል ደሟ በማሽን ይታጠባል። አራት ሰዓት ይፈጃል። ቀጠሮዋ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዘገየን ተረኛው ይገባል፣ ለእሷ የሚተርፋት ሽርፍራፊ ነው። አውቶቡሱ ጠዋት ሰው ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ እሷ መቆም አትችልም። «ለማንም እንዳትነግሪ፣ በተለይ ለእሱ» ብላኝ ነው ዝም ያልኩት። ይኸው ዛሬ ቃሌን አፈረስኩ።

ታኅሣሥ 20፣ ዓርብ፣ ዳገቱ ላይ ቆመን ቀረን። ማሞቂያውን ከፍቼ ነበር፤ እንደ አራስ ቤት ሞቀን እንጂ አላዳነንም። ሞተሩ እስኪበርድ ስንጠብቅ መሐረብ ፍለጋ የመኪናዋን ኪስ ከፈተች። የእርስዎን ደብዳቤዎች አገኘች። ጽሑፍዎን ለየችው፤ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አነበበች። እኔ መሪውን ይዤ እንደ ሌባ ተቀምጫለሁ።

አጥፋ መለሰቻቸውና፣ «አስራ አንድ ዓመት» አለች። «እኔን የመኪና ቁልፍ መስኮት ላይ አስቀምጦ ተሰናበተኝ። ለመኪናዋ ግን ገጽ ሙሉ ይጽፋል።»

«እማዬ፣ ስለ አንቺም ጠይቋል እኮ።»

«አይቻለሁ። ‹አትበያት› ይላል።»

ያን ቀን የደረስነው አራት ሰዓት ላይ ነው። የታጠበችው ግማሹን ብቻ ነው። እሑድ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አለ።

ምርመራውን አልረሳሁም። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ነጭ ጭስ የለም። አረፋም የለም። ይቀየር ራሱ ሞተሩን አስነሥቶ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ቆመ፤ መርፌው ከመሐል አልተነቃነቀም። «ግቢዬ ውስጥ ደኅና ናት» ይላል። ግቢው ውስጥ ሆስፒታል የለም እንጂ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 26

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰ፤ መልሱን ዛሬውኑ ነው የምልከው። ስለ ሰላምታው አትቀየሚኝ።

እናትና አባታችን ሲሞቱ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። መካኒክ ጋ ወስዳ «ይህን ልጅ ሰው አድርግልኝ» ያለችውም እሷ ናት። የሄድኩ ቀን ማለዳ በሯ ላይ ቆሜ ነበር። ስታስል ሰማኋት። ካየኋት አልሄድም ብዬ ፈራሁና ቁልፉን መስኮቱ ላይ አኑሬ ሄድኩ። ይህንን ንገሪያት። ሰበብ አይደለም፤ የሆነውን ነው።

አንድ ሌላም አለ። እዚህ መካኒክ አይደለሁም። ከመጣሁ ጀምሮ አውቶቡስ ነው የማጥበው። ወረቀትህን አምጣ አሉኝ፤ ወረቀት የት አለኝ፣ እጅ እንጂ። አፍሬ ነው ያልጻፍኩላችሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ግን የማጠቢያው ወለል ላይ የመኪናዋን የውሃ መንገድ በጠመኔ እየሣልኩ ሳስብ እውላለሁ። ዛሬ የጥገናው አለቃ መጥቶ ሥዕሉን ረገጠና ቆመ። «ይህን ማን ሣለው?» አለ። «እኔ» አልኩ። ቁጭ ብለን ስንከራከር የምሳ ሰዓቱ አለፈ።

የደረስንበት ይህ ነው። ይቀየር ያየው ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ነው። ዳገት ላይ ግን ትጮኻለች። ሞተሯ ሲጮኽ ፓምፑ ከራዲያተሩ ሥር ውሃ በኃይል ይስባል። የሚስብበት ቱቦ የታችኛው ነው። እኔ ቱቦው አዲስ ነው ስላልሽኝ አልፌው ነበር፤ አለቃው ነው «አዲስ ማለት ደኅና ማለት ነው እንዴ?» ያለኝ። ሞተሩን በደንብ አሙቁት፤ ከዚያ አንቺ ውስጥ ሆነሽ እንደ ዳገቱ ነዳጅ ርገጪ፣ ሌላ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የታችኛውን ቱቦ ይመልከት። ከማራገቢያው ይራቅ፤ የሚንጠለጠል ልብስ አይልበስ።

ለሚያዝያ የዕረፍት ፈቃድ ጠይቄአለሁ። እትዬ ካልፈቀደች ግን አልመጣም።

አጎትሽ


የካቲት 10

ይድረስ ለማከብርዎት፣ ለምወድዎት አጎቴ፣

እንኳን ደስ አለዎት! ተገኘ! የሰላምታውን ነገር ዛሬ እኔም ልለፈው።

ደብዳቤዎን ለእማዬ አነበብኩላት። በሩ ላይ ቆመው ስታስል እንደሰሟት የጻፉት ላይ ስደርስ፣ «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። እስከ መጨረሻው ሳነብላት፣ «ያን ቱቦ የሚያየው ማን ነው?» አለችኝ።

«ይቀየር ነዋ።»

«ሁለት ዓመት ያየው ሰው አይደለም እንዴ? እኔ አየዋለሁ።»

ቅዳሜ ይቀየር ግቢ ገባን። ወንበር አስመጣች፤ የአንገት ልብሷን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና ከመኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ይቀየር ተጨንቆ፣ «እናቴ፣ ማራገቢያው አደገኛ ነው፣ ራቅ ይበሉ» ይላል።

«ልጄ፣ አንተን የሚያህል አሳድጌአለሁ። ማራገቢያ ምን ያደርገኛል? ይልቅ አንተም ና፣ እይ።»

ሞተሩ በደንብ ሞቀ። ረገጥኩ።

«ጨምሪ!» አለች። ጨመርኩ። ግቢው ተናወጠ።

«ቁሚ! አይ፣ አትቁሚ! ጨምሪ፣ ጨምሪ! ይኸው! እዩት፣ ጉንጩን እየሰበሰበ ነው!»

ይቀየር ጎንበስ ብሎ አየ። ቱቦው እግር እንደሌለበት ካልሲ ጥፍጥፍ ብሏል፤ ውሃ የሚያልፍበት የለም። እግሬን ሳነሣ ተነፋና ተመልሶ ቱቦ ሆነ። እንደገና ስረግጥ እንደገና ተጣበቀ። ይቀየር ጎማ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ቱቦው ነው? እኔው ራሴ የለወጥኩት ቱቦ?»

«ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?» አለችው እማዬ።

አቀርቅሮ፣ በቀስታ፣ «ይቀየር» አለ። ሳቃችን አጥር ዘለለ። እማዬ እንደዚያ ስትስቅ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

የፋብሪካው ቱቦ ውስጡ እንዳይጨፈለቅ የሚይዘው የሽቦ ጥቅል አለው ለካ። ይቀየር ያስገባው ባዶውን ነበር። ሁለት ቀን አሮጌ ዕቃ ተራ ሲዞር ውሎ ትክክለኛውን አገኘ፤ የእጁንም አልቀበልም ብሎ ተጣላኝ።

ማክሰኞ ዳገቱን ጀመርን። እማዬ መንገዱን ትታ መርፌውን ነው የምታየው። ግማሹ ጋ ስንደርስ ትንፋሿን ያዘች፤ እኔም ያዝኩ። መርፌው መሐል ላይ ነው። ሁልጊዜ የምንቆምበትን ጥግ አለፍነው። ጫፍ ላይ ስንወጣ፣ «ተንፍሺ እንግዲህ» አለችኝ። ከሁለት ሰዓት በፊት ደረስን። ነርሷ ሰዓቷን አይታ፣ «ዛሬ ከተማ ነው እንዴ ያደራችሁት?» አለች። አራቱንም ሰዓት ታጠበች። ዓርብም እንዲሁ።

ሚያዝያን በተመለከተ ምን ልጻፍለት ብዬ ስጠይቃት፣ «እስክሪብቶውን አምጪው፣ እኔ አለሁ አይደል?» አለችኝ። ስለዚህ የሚቀጥለው ደብዳቤ የእኔ አይደለም።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 18

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፤ ቀኝ እጄን ለሐኪሞቹ መርፌ ሰጥቼዋለሁ፣ ከባድ ነገር አታሠሪው ይሉኛል። ደብዳቤ ቀላል ነው ብዬ ነው። ቀላል እንዳልሆነ አሁን እያየሁ ነው።

ተቆጥቼ ነበር። አሁንም ትንሽ አለኝ፣ ላላሳስትህ። ብታንኳኳ አላስቀርህም ነበር። ስንቅ ቋጥሬ እስከ መንገዱ እሸኝህ ነበር። አስራ አንድ ዓመት የቆጨኝ እሱ ነው፣ ሳልሸኝህ መቅረቴ። ከበሩ ወዲያ ቆመህ እንደነበር ግን አላውቅም ነበር። ይህን ቀደም ብለህ ብትጽፈው ኖሮ ሁለታችንም ባላረጀን። አውቶቡስ ማጠብህን ደብቀህ መኖርህም አሳቀኝ። ንጹሕ አውቶቡስ ማን ይጠላል? የጥገናው አለቃ ከአንተ ጋር ተከራክሮ ምሳውን ከረሳ፣ ሰውየው ዓይን አለው። መፍቻ ይስጥህ በልልኝ።

ስለ እኔ ልጅቱ አስፈርታህ ይሆናል። ዶክተሩ፣ ሳትጎድይ ከታጠብሽ ብዙ ትሄጃለሽ ብሎኛል። አሁን አልጎድልም። እግሬ ጫማው ውስጥ ገብቷል። ከሞት ጋር ቀጠሮ የለኝም፤ ቀጠሮዬ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትህ። ባለፈው ማክሰኞ ከሆስፒታል ስንመለስ ዳገቱ ላይ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ቆሞ ይጨሳል። ሾፌሩ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል አየሁት። «አቁሚ!» አልኳት ልጅቱን። መስኮቱን አውርጄ፣ «አንተ ሰው! ፊትህን ትጠላዋለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። ደንግጦ ተወው። ወርጄ፣ ይብረድ አልኩት፣ ክዳንህን ለውጥ አልኩት፣ የታችኛውን ቱቦ ነዳጅ እየረገጡ ያሳዩህ አልኩት። አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠኝ ቆየና፣ «እናቴ፣ መካኒክ ነዎት?» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም፤ ወንድሜ ነው» አልኩት።

ይህን ቃል ካልተናገርኩት ብዙ ጊዜዬ ነው። አፌ ላይ ደስ አለኝ።

ልጅቱ የፊተኛውን ክፍል ግድግዳ ቀለም እየቀባች ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እስከ ሚያዝያ ይለቃል። ስትመጣ ቀኑን ዓርብ እንዳታደርገው፤ ዓርብ ሙሉ ቀን የለሁም። ቅዳሜ አድርገው። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ።

እህትህ